አዳራሹ በማን ደብዳቤ ይከፈታል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን የንባብ ክበብ ነበረን። ለዓመታዊ ዝግጅታችን ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ የመንግሥት አዳራሽ ፈለግን፤ ኪራዩ ግን ከአቅማችን በላይ ሆነ። «የትብብር ደብዳቤ ጻፉ» ተባልን፤ ጻፍን። ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው፣ ከኃላፊው ወደ ሌላ ክፍል ተመራ። ሦስት ሳምንት ተመላለስን። በመጨረሻ አዳራሹ የተገኘው የአንዱ አባላችን አጎት የኃላፊው አብሮ አደግ ሆኖ በመገኘቱ ነው። አንድ ስልክ ተደወለ፤ አምስት ሳንቲም ሳንከፍል ገባን። በዚያው ወር አንድ የእናቶች የቁጠባ ማኅበር ለዚያው አዳራሽ ሙሉ ኪራይ ከፍሎ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ እንደተሰበሰበ ኋላ ሰማሁ። የእኛ ጉዳይ ከእነሱ የሚበልጥበት አንድም ምክንያት አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ይህን ዳሰሳ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

ከተማ በሕዝብ ገንዘብ አዳራሽ፣ የስፖርት ሜዳ፣ የወጣት ማዕከል፣ መናፈሻ፣ ሙዚየም ይሠራል። ከዚያ ለመጠቀሚያው ታሪፍ ያወጣል፤ ታሪፍ ባለበት ሁሉ ደግሞ «ለእኛ ይነሣልን» የሚል ይመጣል። ለማን ይነሣ? ማን ይወስን? ያልተሰበሰበው ገንዘብ ከየት ይተካ? ለሦስቱ ጥያቄዎች በብዙ ከተሞች ደንብ ወጥቶላቸዋል፤ በእኛ ዘንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልሳቸው የሚገኘው በደብዳቤው ራስጌ ላይ በብዕር ከምትጫር መምሪያ ነው።

«ነፃ» የሚለው ቃል ያሳስታል። አዳራሹ እሑድ ከሰዓት በነፃ ሲከፈት ጥበቃው የትርፍ ሰዓት ይታሰብለታል፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ሰኞ ማለዳ ወንበር ትሰበስባለች፣ መብራትና ውሃ ይቆጥራል፣ ድምፅ ማጉያው ያረጃል። ወጪው አለ፤ የጠፋው መዝገቡ ብቻ ነው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ባለሥልጣን የነበረው የሕግ ምሁር ስታንሊ ሰሪ እ.ኤ.አ. በ1967 መንግሥት በምሕረት የሚተወው ግብር ከካዝና ወጥቶ ከሚከፈል ገንዘብ እንደማይለይ፣ ስለዚህም እንደ ማንኛውም ወጪ ተቆጥሮ መታወቅ እንዳለበት ተከራከረ። በእሱ ግፊት አገሩ ያልተሰበሰበውን ግብር በዝርዝር ማውጣት ጀመረች፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። በነፃ ለተሰጠ አዳራሽም ይኸው ይሠራል። ሙሉ ኪራይ የከፈለው ሞዴል 64 ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ በነፃ የገባው ግን በሒሳብ መዝገቡ ላይ ዱካ የለውም። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ብር ለማን እንደተተወ የሚጠይቅ የምክር ቤት አባል ቢኖር መልስ የሚያገኝበት ሰነድ የለም።

ጉዳዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ከክፍያ ነፃ የመሆንን ነገር በሁለት ከፍሎ አስቀምጧል። አንደኛው አገልግሎቱ ራሱ ለሁሉም ነፃ የሚሆንበት ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ ክትባትና ወሊድ እንዲህ ናቸው፤ ድሃም ሀብታምም አይከፍልም። ሁለተኛው አገልግሎቱ ክፍያ እያለው መክፈል የማይችለው ሰው ተለይቶ የሚታለፍበት ነው። የመጀመሪያው አሠራር የማንንም ኪስ አይመረምርም። ሁለተኛው ግን «ድሃ ነኝ» ብሎ ቀርቦ ማስመስከርን ይጠይቃል፤ በቀበሌ ደጃፍ የነፃ ሕክምና ወረቀት ለማግኘት የተሰለፈ ሰው ይህ ምን ያህል አንገት እንደሚያስደፋ ያውቀዋል። ከተማም ስለ አዳራሹና ስለ ሜዳው ሲያስብ አስቀድሞ መለየት ያለበት ይህንን ነው፤ ነፃ የሚሆነው ቦታው ነው ወይስ ሰውዬው?

ከዚያ አሠራር ሌላም ትምህርት አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የነፃ ሕክምናውን ወረቀት የሰጠው የወረዳ አስተዳደር ለጤና ተቋሙ ወጪውን መተካት አለበት። ወረቀት ሰጪውና ከፋዩ አንድ ስለሆኑ ፈራሚው እጁ ላይ ያለውን በጀት እያየ ይፈርማል። አተካኩ በየቦታው መዘግየቱና መጉደሉ እውነት ነው፤ መርሁ ግን ትክክል ነው። የከተማ አዳራሽን በነፃ የሚፈቅደው ኃላፊ ከራሱ መሥሪያ ቤት በጀት ምንም አይጎድልበትም፤ የሚጎድለው የአዳራሹ ጥገና ነው። ጣሪያው የሚያፈስ፣ መጸዳጃ ቤቱ የተዘጋ የወጣት ማዕከል ያየ ሰው የዚህን ደግነት ዋጋ ማን እንደከፈለው ያውቃል።

ደንብ በማውጣት በኩል ደግሞ እድሮቻችን ከማዘጋጃ ቤቶቻችን ቀድመዋል። ብዙ እድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት አለው። አባል ለቅሶ ሲደርስበት ድንኳኑ በነፃ ይተከልለታል፤ ያው አባል ልጁን ሲድር ኪራይ ይከፍላል፤ አባል ያልሆነ ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ኪራይ ይከፍላል። አቅም ያጣ አረጋዊ ከወርኃዊ መዋጮ ነፃ የሚሆነው በጠቅላላ ጉባኤ ነው እንጂ በሊቀ መንበሩ ፈቃድ አይደለም። የተሰበረ ወንበር ተቆጥሮ ይተካል። በአንድ ገጽ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የአጠቃቀሙ ዓላማ፣ የተጠቃሚው ማንነት፣ የውሳኔ ሰጪው አካልና የንብረት ኃላፊነት ተለይተዋል። ብዙ አባሎቹ ፊደል ያልቆጠሩ እድር ይህን ካወቀበት፣ የሕግ ክፍል ያለው ከተማ የማያውቅበት ምክንያት የለም።

ሌላው ዓለም ምን አየ? ነገሩ በጣም ጥንታዊ ነው። በአቴና ዜጎች ቴአትር እንዲገቡ መንግሥት ለየሰዉ ሁለት ኦቦል የሚያድልበት ቴዎሪኮን የተባለ ሣጥን ነበር፤ ጥንታዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ጅማሬውን ከአቴናው መሪ ከፔሪክሊስ ጋር ያያይዘዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት መቄዶንያ ስትነሣ የአቴናው ተናጋሪ ዴሞስቴንስ ያ ገንዘብ ለጦር ሠራዊቱ ይዙር ብሎ ወተወተ፤ ሕዝቡ ግን ለዓመታት ከቴአትሩ ገንዘብ ንክች አልልም አለ። ለሕዝብ በነፃ የተሰጠ ነገር ኋላ መልሶ ለመውሰድ እንዴት እንደሚከብድ ከዚህ የቆየ ምስክር አላውቅም።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 16 ዓመትና ከዚያ በታች፣ እንዲሁም 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሁሉ በሕዝብ መዋኛዎች በነፃ እንዲዋኙ 140 ሚሊዮን ፓውንድ መደበች። በ2010 ክረምት አዲሱ መንግሥት ፕሮግራሙን ዘጋው። የቀረበው ምክንያት አብዛኞቹ በነፃ የዋኙት ሰዎች ቀድሞውንም የሚዋኙ፣ ቢጠየቁም የሚከፍሉ ነበሩ የሚል ነው። መዋኛው አጠገብ የሚኖረው፣ የዋና ልብስ ያለው፣ መዋኘት የተማረው ልጅ መጣ፤ እነዚህን ያላገኘው የቲኬቱ መነሣት ብቻውን ከቤቱ አላወጣውም። ለአዲስ አበባ ይህ ቀጥተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዳር ሰፈር ወደ መሐል ከተማ ሁለት ሦስት ታክሲ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ መናፈሻው በር ላይ ክፍያ ቢነሣለትም የትራንስፖርቱ አይነሣለትም። ክፍያ ማንሣት ከቅርበት ጋር ካልተጣመረ የሚጠቅመው ቅርብ ያለውን ነው።

በሌላ በኩል የቺካጎ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የዘገየ መጽሐፍ ቅጣትን ሙሉ በሙሉ አነሣ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የተመለሱት መጻሕፍት ቁጥር በ240 በመቶ ጨመረ። ቅጣቱን ፈርተው ከቤተ መጻሕፍቱ የጠፉ ሰዎች መጽሐፉን ይዘው ተመለሱ። እዚህ ላይ ክፍያው የሚያስገባው ገንዘብ አነስተኛ፣ የሚያባርረው ሰው ግን ብዙ ነበር። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው «ነፃ ይሁን» ወይም «ይከፈል» የሚለው ጥቅል መልስ እንደማያዋጣ ይረዳል፤ እያንዳንዱ ክፍያ ማንን እያስቀረ እንደሆነ ተጠንቶ ነው የሚነሣው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የተዘረጋው ሌላ አሠራርም አለ፤ የምግብ ድጋፍ ካርዱን ያሳየ ቤተሰብ ሙዚየም በነፃ ወይም ቢበዛ በ3 ዶላር ይገባል። አዲስ ማስረጃ አይጠየቅም፣ የቀበሌ ወረቀት የለም፤ በኪሱ ያለው ካርድ ይበቃል። እኛም የከተማ ሴፍቲኔትና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዝገቦች አሉን። ድህነቱ አንድ ጊዜ በአንድ መዝገብ የተረጋገጠን ሰው ለሜዳ፣ ለመዋኛ፣ ለሙዚየም እንደገና ማስመስከር ጭካኔ ነው።

የሕግ ጥያቄው ደግሞ አለ። በዚህ ረገድ የአሜሪካ ከተሞች ብዙ ተከሰዋል፤ ከእኛም ልማድ ጋር የሚነካካ ነገር ስላለበት ትንሽ ልቆይበት።

በጆርጂያ ግዛት ፎርሳይት ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1987 ለተደረገ የፀረ ዘረኝነት ሰልፍ ጥበቃ ከ670,000 ዶላር በላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ካውንቲው በቀን እስከ 1,000 ዶላር የሚያስከፍል ደንብ አወጣ፤ መጠኑን የሚወስነው አስተዳዳሪው ነው። በ1989 አንድ የነጮች ዘረኛ ቡድን ለመሰለፍ ጠየቀና 100 ዶላር ክፈል ተባለ። ቡድኑ ከሰሰ፤ ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1992 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ደንቡን ሻረው። ከሳሹ የሚያስጠላ ቡድን ነበር፤ ክፍያውም 100 ዶላር ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነው፦ መጠኑን እንዲያወጣ፣ እንዲቀንስ ወይም እንዲተው አስተዳዳሪውን የሚያስገድድ መለኪያ በደንቡ ውስጥ አልነበረም። መለኪያ የሌለው ሥልጣን ዛሬ ጠላትህን ይመታል፣ ነገ አንተን።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ የቺካጎ መናፈሻዎች አስተዳደር ደንብ ተፈተነ፤ ይህኛው ግን ጸና። ከ50 ሰው በላይ ለሚሰበሰብበት ዝግጅት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ የሚከለከልባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፤ መልስ በ14 ቀን፣ ቢራዘም በ28 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ እምቢታው በጽሑፍ ምክንያቱ ይገለጻል፤ ይግባኝም አለው። ፍርድ ቤቱ በዚያው ፍርድ ላይ ለሚወዱት ተናጋሪ ደንቡን ማላላት ሕገ መንግሥትን መጣስ እንደሆነ አስታውቋል። ወደ ቦስተን ብንሄድ ደግሞ በከተማው አዳራሽ ፊት ከቆሙት ሦስት የባንዲራ እንጨቶች በአንዱ ላይ ማኅበራት የየራሳቸውን ሰንደቅ እየሰቀሉ ያከብሩ ነበር፤ ከተሰቀሉት መካከል የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማም ነበረበት። ከ2005 እስከ 2017 ከተማዋ 284 ጊዜ ፈቀደች፣ አንዴም አልከለከለችም። ከዚያ በ2017 አንድ የክርስቲያን ቡድን ጠየቀና ተከለከለ። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ9 ለ0 ቦስተን ተሳስታለች አለ። ሁሉን ሳያይ ሲፈቅድ የኖረ፣ የተጻፈ ደንብ ያልነበረው አስተዳደር በድንገት አንዱን መርጦ ሊከለክል አይችልም ማለት ነው። 284 ጊዜ በመልካም ፈቃድ ብቻ የተመራው ያልተጻፈ አሠራር በ285ኛው ጥያቄ ላይ ፈረሰ።

የገንዘቡን ወገን ለማየት ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባት ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ትጠቅማለች። የግዛቷ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 ክፍል 7 ከተማ ለድሆችና ለአቅመ ደካሞች አስፈላጊ ድጋፍ ካልሆነ በቀር ገንዘቡንም ንብረቱንም ለማንም ግለሰብ ወይም ማኅበር በስጦታ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ስለዚህ አዳራሽ በነፃ ሲፈቀድ ሕዝቡ በምላሹ የሚያገኘውን ጥቅም ማሳየት ግድ ይሆናል። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለአካባቢው ሰው ይከፍታል፤ ክፍያውንም በእርከን ያስቀምጣል። ለማኅበረሰብ ስብሰባ እንደ መብራትና ጽዳት ካለ ቀጥተኛ ወጪ የማይበልጥ ይከፈላል፤ መግቢያ አስከፍሎ ትርፉን ለበጎ አድራጎት የማያውል ደግሞ የገበያ ኪራዩን ይከፍላል። በነፃና በሙሉ ኪራይ መካከል «ወጪን ብቻ መሸፈን» የሚባል ሦስተኛ ደረጃ መኖሩን ልብ ይሏል። እኛ ዘንድ የጎደለው ይህ መካከለኛ እርከን ነው፤ የእናቶቹ ማኅበር የጥበቃና የጽዳቱን ብቻ ክፈሉ ቢባል ኖሮ ይቀልለት ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 የኢትዮጵያ ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አላቸው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 5 አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለወላጅ የቀሩ ሕፃናትን በተለይ ይጠቅሳል፤ ንዑስ አንቀጽ 9 ኪነ ጥበብንና ስፖርትን ማስፋፋት የመንግሥት ኃላፊነት ያደርጋል። መሠረቱ ተጥሏል ማለት ነው። ከተማዋም ነፃ ማድረግን ታውቅበታለች። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አያስከፍልም፤ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚባልበት እሑድ አስፋልቱ ራሱ የልጆች መጫወቻ ሲሆን አይተናል፤ ጥምቀት በጃን ሜዳ፣ ደመራ በመስቀል አደባባይ ሲከበር ቲኬት የሚቆርጥ የለም። እነዚህ ሁሉ ቦታው ለሁሉም ነፃ የሚሆንበት ዓይነት ናቸው፤ ደብዳቤ አይጠይቁም፣ ስለዚህም አድልዎ አይገባባቸውም። የኮሪደር ልማቱ ባመጣቸው አደባባዮች፣ የልጆች መጫወቻዎችና የሕዝብ መጸዳጃዎችም ይኸው ቢጸና እመርጣለሁ፤ በተለይ መጸዳጃ ቤት። ነፍሰ ጡር ሴት፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ ቀኑን መንገድ ላይ ሲሸጥ የሚውል ልጅ ሳንቲም ስለሌለው በር ላይ መመለስ የለበትም።

አከራካሪው አዳራሽና ባለ ሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ ነው፤ አንዱ ሲይዘው ሌላው ስለሚያጣው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ሜዳውን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ማክሰኞ ረፋድ ግን ባዶውን ነው። ባዶ ሰዓትን ለትምህርት ቤት ልጆች፣ ለአካል ጉዳተኞች ስፖርትና ለሴቶች ቡድን በነፃ መስጠት ከተማዋን ከሞላ ጎደል ምንም አያስወጣትም። በሚፈለገው ሰዓት ደግሞ የሚችለው ሙሉውን ይክፈል፤ ከዚያ ገቢ የተወሰነው እጅ ለማይችለው የሰፈር ቡድን ይለይ። ሠርግ፣ የምርት ማስተዋወቂያ፣ ቲኬት የሚሸጥበት ኮንሰርት በምንም ሰበብ ነፃ መሆን የለበትም።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። እኔ እንደማየው ከአዳራሾቻችን በነፃ አብዝተው የሚጠቀሙት ድሆች አይደሉም፤ ራሳቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የግማሽ ዓመት ግምገማ፣ ሥልጠና፣ የንቅናቄ መድረክ ሁሉ በትብብር ደብዳቤ ይገባል፤ አስቀድሞ ቀን የያዘ የወጣቶች ቴአትር ቡድን ደግሞ በዋዜማው «ስብሰባ ስላለ ተሰርዟል» ይባላል። የስብሰባ በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ለአዳራሹ ይክፈል፤ ከአንዱ የመንግሥት ሒሳብ ወደ ሌላው የሚሄድ ብር ቢሆንም ቢያንስ ወጪው ይታያል፣ ሳያስፈልግ የሚጠራው ስብሰባም ይቀንሳል።

የፖለቲካ ፓርቲዎችና የእምነት ተቋማት ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ተቃዋሚ ፓርቲዎች አዳራሽ ተከለከልን ሲሉ ለዓመታት ሰምተናል። በ1983 ዓ.ም. የወጣው የሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ አዋጅ ቁጥር 3 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው፤ የስብሰባው ቦታ ግን ኪራይና ፈቃድ ይፈልጋል፤ መብቱም ብዙ ጊዜ የሚታነቀው እዚያ ነው። ፍርዴ ይህ ነው፦ ለገዢው ፓርቲ በነፃ የተከፈተ አዳራሽ ለሌላውም በዚያው ዋጋ ይከፈት፤ ለአንዱ እምነት ጉባኤ የተነሣ ክፍያ ለሌላውም ይነሣ፤ ይህ የማይቻል ከሆነ ሁሉም ወጪውን ይሸፍን። የሚሰበከውን ወይም የሚነገረውን አይቶ ዋጋ የሚቀንስ ባለሙያ መኖር የለበትም።

መስፈርቱን በተመዘገቡ ማኅበራት ላይ ብቻ መወሰንም ስህተት ይሆናል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ምዝገባውን አቅልሎታል፤ ነገር ግን የሰፈር እግር ኳስ ቡድን፣ የጽዋ ማኅበር፣ የእኛን የመሰለ የንባብ ክበብ አይመዘገብም። ሦስት የሰፈር ነዋሪዎች መታወቂያቸውን አስይዘው ለንብረቱ ተጠያቂ ቢሆኑ ይበቃል።

ደንቡ ረጅም መሆን የለበትም። ለየትኛው ዓላማ በነፃ፣ ለየትኛው በወጪ ብቻ፣ ለየትኛው በሙሉ ኪራይ እንደሚሰጥ፤ መልስ በስንት ቀን እንደሚሰጥ፤ እምቢታ በጽሑፍ እንደሚሆንና ለማን ይግባኝ እንደሚባል፤ በዓመት ከስንት ብር በላይ መተው እንደማይቻል። ለተፈቀደው ሁሉ ደግሞ የሙሉ ኪራዩን መጠንና የተተወውን የሚያሳይ ደረሰኝ ይቆረጥ፤ ዝርዝሩም በየሩብ ዓመቱ በበሩ ላይ፣ የዜጎች ቻርተር በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የአገልግሎት ታሪፍን ማጽደቅ የከተማው ምክር ቤት ሥራ ከሆነ የታሪፉን ምሕረትም የሚያጸድቀው እሱ ይሁን።

የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የታሪፍ ሰነዱ ሲቀርብላችሁ የነፃ ተጠቃሚዎችን ዝርዝር አብራችሁ ጠይቁ። አንተም፣ አንቺም፣ በሚቀጥለው ጊዜ አዳራሽ ስትጠይቁ የምታውቁት ሰው ዘንድ ከመደወላችሁ በፊት የተጻፈውን ደንብ አሳዩን በሉ።